የለምለም ልጆች

ከወልድያ የወጣሁበት ምሽት ዶፍ ይወርድ ነበር። ባሌ ከታሰረ ወዲህ እኔንም መፈለግ ስለጀመሩ፣ አጎቴ በእህል መኪና ወደ አዲስ አበባ ሊያሾልከኝ ነው፤ ከዚያ ወደ ውጭ አገር ልሰደድ። እናቴ አላለቀሰችም። ነጠላዬን እያስተካከለች፣ «በሰው አገር የማይገኝ ሰው የለም ይላሉ፤ ከመረብ ማዶ የመጣ ካጋጠመሽ ስለ ለምለም ጠይቂልኝ» አለችኝ። እኔ ነፍሴን ላድን ስሮጥ እሷ የሞተ ሰው ፈልጊልኝ ትለኛለች ብዬ ተናደድኩ።

ለምለም የእናቴ አያት ናት። በዚያ በክፉ ቀን፣ ከብቱ ሁሉ ባለቀበት ዘመን፣ ወንድ ልጇን አዝላ ከሰሜን መጥታ፣ ሰው በወባና በአንበሳ የሚሸሸውን ቆላ በመጥረቢያ መንጥራ ያቀናች ሴት። ረሃብ ያባረረው ሁሉ ዙሪያዋን ሰፈረ። መንደሩን ሰገን አለችው፤ ምን ማለት እንደሆነ የሚያውቅ አልነበረም። እኛም የለምለም ልጆች እንባላለን፤ በየዓመቱ እንደግስላታለን።

አምስተርዳም እንደደረስኩ የስደተኞች ጉዳይ ጠያቂው በአስተርጓሚ፣ «የቤተሰብ ስምሽ ማነው?» አለኝ።

«የለንም። እኔ ትርንጎ፣ አባቴ መኮንን።»

«እንግዲያው መኮንን ነሽ።»

«መኮንንማ አባቴ ነው።»

«የባልሽስ?»

«እሱ የራሱ አባት አለው።»

እስክሪብቶውን ወረወረው። «ታዲያ ዘመዶችሽ ራሳቸውን ምን ብለው ይጠራሉ?»

«የለምለም ልጆች።»

ደስ ብሎት ጻፈ። ከዚያች ቀን ጀምሮ በእነሱ ቋንቋ ሜቭራው ለምለም፣ ወይዘሮ ለምለም ማለት ነው፣ ሆንኩ።

በመጨረሻ ዴን ሃግ ከተማ፣ ስኪልደርስዋይክ ሰፈር አንዲት ክፍል አገኘሁ። ደረጃው እንደ ቆጥ መሰላል የቆመ ነው። ዝናቡ እንደ አገራችን ዘንቦ አያባራም፣ ቀኑን ሙሉ ያካፋል እንጂ። አጠገባችን ባለችው ራይስዋይክ ከተማ ቢሮ ሳጸዳ እውላለሁ፤ ማታ ቁሌት ሳቁላላ አከራዬ በሩን ይደበድባል። «ምን ተቃጠለ?» ይለኛል። «እራቴ ነው» እለዋለሁ።

አንድ ቀን ታምሜ ሐኪም ቤት ወረፋ ስጠብቅ፣ «ሜቭራው ለምለም!» ተብሎ ተጠራሁ። አጠገቤ የተቀመጡ፣ በካፖርታቸው ላይ ነጠላ የደረቡ ሴት ክንዴን ያዙኝ። ወይዘሮ ለተብርሃን ይባላሉ፤ ኤርትራዊት ናቸው፤ በወጣትነታቸው አዲስ አበባ ሠርተው አማርኛ የለመዱ፣ አሁን ጡረታ ወጥተው ሙርዋይክ ሰፈር የሚኖሩ።

«ልጄ፣ ለምለም የማን ስም ነው?»

«የቅድመ አያቴ ነው፣ እማማ። ሰገን የምትባል መንደር ያቀናች።»

ፊታቸው ተለወጠ። «የእኛ መንደር ዓዲ ሰገን ነው። ልጅ አዝላ ነው የመጣችው?»

«አዎ፣ አያቴን።»

«ሌላ ልጅስ?»

«አልነበራትም።»

«ነበራት» አሉ።

የቀረውን የነገሩኝ ቤታቸው ወስደውኝ ነው። ለምለም ወንዱን አዝላ ስትሄድ ሴቷን በቤተ ክርስቲያን ደጅ አስቀምጣ፣ «ውኃ ይዤልሽ እመጣለሁ» ብላት ነበር። ልጅቱን ቄሱ አሳደጓት። እሷም የወይዘሮ ለተብርሃን አያት ናት። እስክትሞት ድረስ፣ በቤታቸው ለተወለደች ሴት ልጅ ለምለም የሚል ስም እንዳይወጣ ከለከለች።

«እናንተ ደግሞ ትደግሱላታላችሁ» አሉኝ።

«እማማ፣ ሁለቱንም መሸከም ባትችልስ?»

«እሱን እኔም አስቤዋለሁ። ግን እኔን ያሳደገችኝ የተጣለችው ናት።»

በእሑዱ፣ ከቅዳሴ መልስ፣ ለምኜ ወደ ስልክ ቤት ይዣቸው ሄድኩ። እናቴ ጎረቤት ቤት ወዳለው ስልክ ተጠርታ መጣች። «እማዬ፣ የለምለምን አገር ሰው አገኘሁ» ብዬ ሳልጨርስ፣

«ልጅቱ ኖረች?» አለችኝ።

«የቷ ልጅ?»

«በደጁ የቀረችው። ለምለም ስትሞት ለአባቴ ነገረችው፤ አባቴም ሲሞት ለእኔ። ለሌላ ሰው ትንፍሽ ብዬ አላውቅም። ንገሪኝ፣ ኖረች?»

«ኖራለች፤ ወልዳለች። የልጅ ልጇ አጠገቤ ናቸው።»

«ስጪኝ! እግራቸው ላይ ልውደቅ፣ ስጪኝ!»

ስልኩን ዘረጋሁላቸው። ወይዘሮ ለተብርሃን እጃቸውን እስከ እኩሌታ አነሡና መለሱት። ከዚያ ካፖርታቸውን መቆለፍ ጀመሩ።

«አልችልም ልጄ» አሉኝ። «ይቅር ማለት የአያቴ ነበር፤ እሷ ደግሞ ይቅር ሳትል ሞተች።»

ወጡ። በመስኮቱ መስተዋት ሳያቸው በካፊያው ውስጥ ወደ ትራሙ እየሄዱ ነው። እናቴ ግን ስልኩን የያዙት እሳቸው መስለዋት፣ «እህቴ? እህቴ፣ ይሰማዎታል?» ትላለች።