በዳይ የሌለበት ሽምግልና

ዓምና፣ ፋሲካ ካለፈ በኋላ ነው። በዕድሜዬ ሽማግሌ ቆሞ ለምኖኝ እምቢ ያልኩት ያን ቀን ብቻ ነው። ሰፈሩ ዛሬም ያወራዋል፤ እኔም አልረሳሁትም።

የልጅ ልጆቼ እናት ስንዱ ቀለም ፋብሪካ ውስጥ ቀለም ስትደባልቅ ኖራ ሳንባዋ ተጎዳ። ከቂርቆስ ቤተ ክርስቲያን እቤት እስክንደርስ ትንፋሽ እያጠራት መንገድ ላይ እየተቀመጠች ነው። ፋብሪካውን ከሰሰች። ፋብሪካው ያቆመው ጠበቃ፣ ሠራተኛ በኬሚካል ታመምኩ ብሎ በከሰሰ ቁጥር ለድርጅቶች ሲሟገት ያረጀ፣ ተሸንፎ አያውቅም የሚባል ሰው ነው። ችሎት ላይ "ያመማት የቤቷ የከሰል ጭስ ነው" ሲል በጆሮዬ ሰማሁት። እዚያው ከሰል ላይ ያረጀሁት እኔ ቡልጋሪያ ሰፈር ድረስ በእግሬ ደርሼ እመለሳለሁ!

አንድ እሁድ ይኸው ጠበቃ የነፍስ አባቴንና ጎረቤቴን ሐጂ ሰይድን ይዞ እቤቴ መጣ። "ተቀመጡ" ብል፣ እንደ ወጉ "ጉዳያችን ካልተፈጸመ አንቀመጥም" አሉ።

ጠበቃው ጎንበስ ብሎ፣ "እማማ፣ ፋብሪካው ሊያሳክማት ፈቅዷል። ሕመሙ ከፋብሪካው እንዳልመጣ ትፈርምና ክሱ ይዘጋ" አለ።

ስንዱ ፍራሹ ላይ ሆና አየችኝ። ሕክምናውን እንዴት እንደምትፈልገው አውቃለሁ። ግን እዚያው ፋብሪካ ቀለም በርሜሉ ላይ የቀሩ ጓደኞቿ አሉ። እሷ ከፈረመች ነገ እነሱ ቢከሱ "ይኸው፣ ራሷ መስክራለች" ይሏቸዋል።

"ለመሆኑ ያጠፋው ማነው?" አልኩት።

"ማንም አላጠፋም፣ እማማ። በበጎ ፈቃድ ነው።"

"ታዲያ ሽማግሌ ምን ያደርጋል? በእኛ ወግ በዳይ ድንጋይ ተሸክሞ 'አጥፍቻለሁ' ይላል፣ ሽማግሌ ይለምንለታል። አንተ በዳዩን ቢሮው አስቀምጠህ ሽማግሌውን ብቻ ታመጣለህ?"

ሐጂ ሰይድ ወደ እሱ ዞሩ። "ልጄ፣ ስትጠራን 'ጥፋታቸውን አምነዋል' ብለኸን አልነበር?"

"ሐጂ፣ በሕግ አነጋገር..."

"ሕጉን ተወው። አምነዋል ወይስ አላመኑም?"

ጠበቃው ፊቱን ወደ ነፍስ አባቴ መለሰ።

የነፍስ አባቴ ግን "ልጄ፣ ጤናዋ ይቅደም" ብለው ለመኑኝ።

"አልፈርምም፣ እማዬ" አለች ስንዱ፣ ሳሉ እያቋረጣት።

"ሰማችሁ። አባቴ፣ እግዜር ይፍታሽ ይበሉኝ እንጂ አይሆንም። መቆም ከፈለጋችሁም ቁሙ፤ እኔም ቆሜያለሁ" አልኩ።

ሐጂ ቀድመው ወጡ፤ አባም ተከተሉ። ጠበቃው በሩ ላይ ዘወር ብሎ "እማማ፣ ይከብድዎታል" አለኝ።

"ማንን እንደሚከብደው እናያለን!"

ክሱ ገና አላለቀም። ስንዱም አልዳነች። ስታስል ስሰማ ምነው ፈርማ በነበር የምልበት ጊዜ አለ። ግን ያኔ ይፈሩ የነበሩት ጓደኞቿ ዛሬ ሊመሰክሩላት ከጎናችን ችሎት ይቀመጣሉ። ሽማግሌ መላሽ ይሉኛል፤ ይበሉ። "አጥፍተናል" ብሎ ለሚመጣ ደጄ ክፍት ነው።