ያልተቀየረው ቁጥር

የልጅ ልጄ የራሷን ጥፋት በጓደኛዋ ላይ አላከከች፤ ያላከከችውም እኔው ቤት፣ እኔ እየሰማሁ ነው። ተጽፎ እንዲቀመጥ የምፈልገው ይኸ ነው።

ሁለቱ አብረው የተማሩ ናቸው። ጓደኛዋ የጎፋ ልጅ ናት። መካኒሳ እኔ ሳሎን ተቀምጠው ለሱቆች የሚሆን ፕሮግራም ይሠሩ ነበር፤ ባለሱቁ ኮምፒውተሩ ላይ ይጭነውና ቤቱ ሆኖም በስልኩ ዕቃውንና ደንበኞቹን ያያል። አንድ ቀን ሲጨቃጨቁ ሰምቼ ምን ሆናችሁ ብል እንዲህ ሲሉ አስረዱኝ። ኮምፒውተር ብዙ በር አለው፤ እያንዳንዱ በር ቁጥር አለው፤ ፖርት ይሉታል። ፕሮግራሙ ሲጫን በየትኛው ቁጥር እንደሚከፈት፣ ከአድራሻው ቀጥሎም ምን ቃል እንደሚጻፍ አስቀድመው የሚወስኑት ሠሪዎቹ ናቸው። የልጅ ልጄ ስምንት ሺህ ሰማንያን መረጠች፤ ቃሉንም «አድሚን» አለችው።

«ሌባ ሁሉ መጀመሪያ የሚሞክረው እሱን እኮ ነው» አለች የጎፋዋ። «እሺ ይሁን፤ ግን ባለቤቱ ፓስወርድ እስኪያወጣ ከሱቁ ኮምፒውተር ውጭ አይከፈት።»

«አንቺ ፈሪ! ባለሱቅን ገና ከመጀመሩ ካስጨነቅሽው ጥሎሽ ይሄዳል። የፈለገ ይቀይረዋላ!»

«ማን ሲቀይር አይተሻል?»

የልጅ ልጄ ሳቀች፤ ፕሮግራሙም እሷ እንደመረጠችው፣ ያለ ፓስወርድ የሚከፈት ሆኖ ወጣ።

ለቡ ያለች ባለፋርማሲ ፕሮግራሙን ጫነች፤ ምንም አልቀየረችም። ብዙም ሳይቆይ አንድ ደንበኛ ስልኩን ይዞ መጣ። ያንኑ ቁጥርና ቃል ሞክሮ ተከፍቶለታል፤ የሰፈሩ ሰው ስም ከሚወስደው መድኃኒት ጋር ስልኩ ላይ ይነበባል፤ ሕመሙን ለቤተሰቡ እንኳ ያልነገረ ሰው አለበት። ሴትየዋ እየጮኸች ደወለች። የልጅ ልጄ «እሱን የመረጠችው ጓደኛዬ ናት» ስትላት በጆሮዬ ሰማሁ።

«ምን አልሽ አንቺ?» አልኳት ስልኩን ስትዘጋ።

«እማዬ፣ ይሄ አይገባሽም። ጥፋቱ የሴትየዋ ነው፤ መቀየር ነበረባት።»

«ቤት ያስረከበኝ ሰው በሩን ከፍቶት ቢሄድ፣ ስሰረቅ ጥፋተኛዋ እኔ ነኝ? እሺ፣ የሴትየዋ ይሁን። ታዲያ ያቺን ልጅ ለምን ወነጀልሻት?»

ኮምፒውተሯን ዘግታ ከሳሎን ወጣች።

ባለፋርማሲዋ ለምታውቀው ባለሱቅ ሁሉ አወራች፤ የጎፋዋን ልጅ የሚያሠራት ጠፋ። ይህን ያደረገችው እኔ ያሳደግኋት፣ ለጎረቤት የምኮራባት ልጅ ናት። «ልጅሽ እንዴት ናት?» ሲሉኝ ነጠላዬን ወደ ፊቴ እየሳብኩ ማለፍ ጀመርኩ።

የልጅ ልጄ በኋላ ጥፋቷን አምና ለጓደኛዬ በስልክ ይቅርታ እልክላታለሁ ስትለኝ እምቢ አልኩ። መጀመሪያ ፕሮግራሙን አስተካከለች። ከዚያ ለቡ ወሰድኳትና መድኃኒት ሊገዛ በተሰለፈው ሰው ፊት እውነቱን ተናገረች። ከዚያው በታክሲ ጎፋ ሄድን። የልጅቷ እናት ወንበር ብትሰጠኝ መቀመጥ አቃተኝ። የልጅ ልጄ እያለቀሰች ይቅርታ ጠየቀች። ልጅቷ እስክትጨርስ ሰማቻት፤ አልተቆጣችም፣ አላቀፈቻትምም።

«ልጄ፣ ተመልሰሽ ከእሷ ጋር ትሠሪያለሽ?» አልኳት።

«እማማ፣ እርስዎን ልጠይቅ እመጣለሁ። ለሥራ ግን አልመጣም።»