አርፋ መቀመጥ ያልቻለችው ሳኪዮ

በታኖሃማ መንደር «ሳኪዮን ቤቷ ቁጭ ብላ አገኘኋት» የሚል ሰው ቢኖር ውሸታም ተብሎ ይሳቅበት ነበር። ገና በልጅነቷ፣ ዓሣ አጥማጁ አባቷ መረቡን ሲጠግን አጠገቡ ያስቀምጣትና ዘወር ሲል፣ እሷ ወደቡ ጫፍ ላይ ትገኛለች። «ይቺን ልጅ ምን ላድርጋት? በገመድ ልሰራት?» ይላል። እናቷም «ገመዱንም ይዛው ትሄዳለች» ትለዋለች።

ሁለተኛው የዓለም ጦርነት በጃፓን ሽንፈት ሲያልቅ ሳኪዮ ሰባት ዓመቷ ነበር። ከዚያ በፊት መምህሯ የትምህርት መጽሐፍ ከመገለጡ በፊት በሁለት እጅ እስከ ግንባር ከፍ ተደርጎ እጅ እንዲነሣለት ያዝዙ ነበር። ሳኪዮ አንድ ቀን ይህን ረስታ ብትገልጠው በጥፊ አጮሏት። በዚያው መኸር እኚያው መምህር ጥቁር ቀለምና ብሩሽ አደሉና፣ ስለ ንጉሠ ነገሥቱና ስለ ወታደሮቹ የተጻፈውን ሁሉ አጥፉ አሉ።

«መምህር፣ እኔን የመቱኝ ለዚህ መጽሐፍ አይደል?» አለች ሳኪዮ።

«ዝም ብለሽ ቀቢ!»

ቀባች። የታዘዘችውን መስመር ብቻ ሳይሆን ገጹን በሙሉ፣ ከዚያም ቀጣዩን ቀባች። ይቆጣሉ ብላ ስትጠብቅ መምህሩ ምንም አላሉም፤ መስኮቱ ጋ ቆመው ባሕሩን ያያሉ። ካደገች በኋላም ከጥፊው ይልቅ ያ ዝምታ ይከነክናት ነበር። ትልልቅ ሰዎች «ይህ አይነካም» ያሉትን ነገር ራሳቸው በአንድ ጠዋት ሊደልዙት እንደሚችሉ ያየችው ያን ቀን ነው። ከዚያ ወዲህ «ድሮም እንዲህ ነው» የሚላት ሰው ሲያጋጥማት እግሯን ያሳክካት ጀመር።

በአሥራ ስምንት ዓመቷ የአውቶቡስ ረዳት ሆነች። አውቶቡሱ ከኡዋጂማ ከተማ ተነሥቶ የባሕሩን ዳር ዳር ይዞ በየመንደሩ ይሄዳል። መንገዱ በአንድ ወገን ተራራ፣ በሌላው ወገን ገደል ነው፤ ሁለት መኪና አያሳልፍም። ከፊት ሌላ መኪና የመጣ እንደሆነ ሳኪዮ ዘላ ትወርድና ፊሽካዋን እየነፋች አውቶቡሱን ወደ ኋላ ታስሄደዋለች። ያን ጊዜ ሕይወቷ ቦታውን ያገኘ ይመስላት ነበር። የምትመኘው ግን ሌላ ነው።

«ጋሼ ኦኒሺ፣ እስቲ አንድ ጊዜ መሪውን ያስይዙኝ» ትለዋለች ሹፌሩን።

«አንቺ መሪ ከያዝሽ ዓሦቹ ሁሉ ደንግጠው ወደ ኮሪያ ይሄዳሉ።»

«ይሂዱ! ደግሞ ይመለሳሉ።»

ኦኒሺ አፉ እንጂ ልቡ ክፉ አልነበረም። ሰው በሌለበት ሰዓት ጋራዡ ግቢ ውስጥ ባዶውን አውቶቡስ ሰጣት። ፍሪሲዮን አረጋገጥና የኋላ ማርሽ አስተማራት፤ «ወደ ፊትማ ማንም ይነዳል፣ ሰው የሚለየው ወደ ኋላ ሲሄድ ነው» እያለ።

ስትቀጠር፣ ካገባች ሥራዋን እንደምትለቅ ፈርማ ነበር። ረዳቶቹ ሁሉ የሚፈርሙት ነው፤ ማንም ለምን አይልም። በሃያ ሦስት ዓመቷ ሽማግሌ ገብቶ ለያሱዞ ታጨች። ያሱዞ ከታኖሃማ በላይ ባለው ተራራ እርከን ላይ መንደሪን የሚያለማ ቤተሰብ የበኩር ልጅ ነው፤ ዝምተኛና ደግ። ሠርጉ እንዳለፈ ሳኪዮ ፊሽካዋን አስረክባ የአማቷ የኡታ ቤት ገባች።

እዚያ ቤት ውስጥ ለሁሉም ነገር ተራ አለው፤ የሳኪዮ ተራ መጨረሻ ነው። ሩዝ የምትበላው ሁሉም ከበላ በኋላ፣ ገላዋን የምትታጠበው ውኃው ለብ ካለ በኋላ ነው። ኡታ ክፉ ሴት አልነበሩም፤ እሳቸውም ሙሽራ ሆነው የኖሩት እንዲሁ ነው። «እኔ ስመጣ በዚህ ቤት ዓመት ሙሉ ቀና ብዬ አላየሁም» ይሏታል። ሳኪዮ «እሺ እማማ» ትላለች፤ ግን ቁጭ ስትል እግሯን ያሳክካታል። ሳትላክ ውኃ ትቀዳለች፣ ማንም ሳያዛት እስከ ላይኛው እርከን ወጥታ ትወርዳለች።

ቶኪዮ ኦሊምፒክን ባስተናገደችበት መኸር ቤተሰቡ ባለሦስት እግር የጭነት መኪና ገዛ። መንደሪን ወርቅ የሆነበት ጊዜ ነበር። ያሱዞ መንጃ ፈቃድ አወጣ፤ ሳኪዮ ደግሞ የሁለት ዓመት ልጃቸውን ቺናትሱን ለአማቷ ትታ ሣጥን ለማውረድ አብራው ጋቢና ትቀመጣለች። ያሱዞ ሲነዳ አይናገርም። እሷም የምትናገረው ነገር ሳታጣ ከንፈሯን ነክሳ ትቀመጣለች።

አንድ ቀን ጠዋት መኪናው ሣጥን በሣጥን ሆኖ ኩርባው ላይ ሲደርሱ፣ አውቶቡሱ ሰው ጭኖ ፊት ለፊት መጣ። ወደ ኋላ መሄድ ያለበት ያሱዞ ነው። ማርሹን አስገባ፤ ሞተሩ ጠፋ። አስነሣ፤ እንደገና ጠፋ። ሦስተኛው ላይ መኪናው ሸተት ብሎ የኋላ ጎማው ገደሉን ተጠጋና ጠጠሩ ወደ ታች ሲንኮሻኮሽ ተሰማ። አዲሲቱ ረዳት ወርዳ ፊሽካዋን ያለማቋረጥ ትነፋለች፤ ተሳፋሪው በመስኮት አንገቱን አውጥቷል። ያሱዞ ፊቱ በላብ ተነክሮ መሪውን አልለቅ አለ።

«ውረድ» አለች ሳኪዮ።

«ምን?»

«ያሱዞ፣ ውረድ። ካልሆነ እኔ ልውረድና ብቻህን ባሕር ግባ።»

ወረደ። ሳኪዮ መሪውን ጨበጠች። ፈቃድ የላትም፤ በዚያ ቅጽበት ትዝም አላላት። ከአውቶቡሱ ውስጥ አንድ የምታውቀው ድምፅ ጮኸ፦ «ሳኪዮ! አንቺ ነሽ እንዴ?»

«እኔ ነኝ፣ ጋሼ ኦኒሺ!»

«እኔን ምን ታያለሽ? ጎማሽን እዪ!»

መኪናውን ቀስ አድርጋ፣ ተራራውን እየታከከች መንገዱ ሰፋ እስከሚልበት ድረስ ወደ ኋላ ወሰደችው። አውቶቡሱ ሲያልፍ ኦኒሺ ባርኔጣውን አነሣላት። ሳኪዮ ሳቀች፤ ከዚያ በእግሩ እየተከተለ የመጣውን ያሱዞን ስታይ ሳቋ ጠፋ።

ወሬው ከእነሱ ቀድሞ መንደር ገባ። በገበሬዎቹ ማኅበር መጋዘን ወንዶቹ «ያሱዞ፣ ዛሬ ለመውጣት አስፈቅደሃል?» ይሉታል። ኡታ «የዚህ ቤት ሙሽራ ሹፌር ናት ይበሉን እንግዲህ!» ብለው ከዚያ በኋላ ለቀማው እስኪያልቅ አላናገሯትም። ሳኪዮ ቤቱ ውስጥ መግቢያ መውጫው ጠፋት።

ከዚያ አንድ ቀን እርከኑ ላይ መንደሪን ሲለቅሙ፣ ያሱዞ ፊቱን ሳያዞር ተናገረ።

«ገደል ያዞረኛል። ከልጅነቴ ጀምሮ ነው። አባቴ ያውቅ ነበር፤ ግን የበኩር ልጅ እንዲህ አይልም አለኝ።»

«ለምን ለኔ አልነገርከኝም?»

«አንቺም የበኩር ልጅ ነው ተብለሽ ነዋ የመጣሽው።» ቅርጫቱን አስቀመጠ። «መንጃ ፈቃዱን አንቺ አውጪ። ለእናቴ ግን ማን ይንገራት?»

ማንም አልነገራቸውም። ሳኪዮ ፈቃዱን አውጥታ መንዳት ጀመረች፤ ኡታም እንዳላዩ ሆኑ። በጸደይ አንድ ጠዋት ግን ደህናውን ኪሞኖ ለብሰው፣ ጨርቅ የተጠቀለለ ስንቅ አንጠልጥለው መኪናው አጠገብ ቆመው ተገኙ።

«ይሄ ነገር ዮሺዳ ድረስ ይሄዳል?»

«ይሄዳል፣ እማማ።»

ዮሺዳ የኡታ ታናሽ እህት ያለችበት ከተማ ነው። ከጦርነቱ በፊት ጀምሮ አልተያዩም። ኡታ በሁለት እጃቸው ወንበሩን ጨብጠው ብዙ ከሄዱ በኋላ፣ «ወዴት መሄድ ትፈልጊያለሽ ብሎ የጠየቀኝ ሰው የለም» አሉ። «እኔም ራሴን ጠይቄው አላውቅም።» ሳኪዮ ነዳጁን ረገጥ ስታደርግ፣ «ቀስ በይ አንቺ! ገና አልሞትኩም!» ብለው ጮኹባት።

የመንደሪኑ ዘመን ብዙ አልቆየም። ሁሉም ተክሎ ስለነበር ዋጋው ወደቀ፤ ያሱዞ አባቱ የተከላቸውን ዛፎች በመጋዝ ጣላቸው። ሳኪዮ የከባድ መኪና ፈቃድ ጨመረችና ለመንገድ ሥራ ገልባጭ መኪና ነዳች። ተራራው ተበስቶ ዋሻ ሲወጣለት፣ የባሕሩ ዳር ኩርባ ቀረ፤ ረዳቶቹም ከየአውቶቡሱ ጠፉ። በኋላ የተማሪዎችን አውቶቡስ ያዘች። ልጆቹ «ማዕበል» የሚል ስም አወጡላት።

ልጇ ቺናትሱ ኦሳካ ዩኒቨርሲቲ ተምራ እዚያው ትልቅ ኩባንያ ገባች። ሠላሳ ሲሞላት አላገባችም። ለአዲስ ዓመት ስትመጣ ሳኪዮ የአንድ ሰው ፎቶ ከሾርባው አጠገብ አስቀመጠች።

«የከተማው አስተዳደር ሠራተኛ ነው። አይጠጣም። እናቱም ደህና ሴት ናቸው።»

«እማ፣ እኔ ሥራ አለኝ።»

«ሥራማ ሁሉም አለው። ሠላሳ ሞላሽ እኮ። ሰው ምን ይላል?»

ቺናትሱ በልታ እንዳልጨረሰች የሩዝ መብያ እንጨቶቿን አስቀመጠች። «አሁን የተናገረው ማነው? አንቺ ነሽ ወይስ አያቴ? አባዬን ገደል አፋፍ ላይ ከመኪና ያስወረደች ሴት፣ እኔን የኋላ ወንበር ላይ አስቀምጣ በር ልትቆልፍብኝ ነው?»

ያሱዞ መሳቅ ጀምሮ በሩዙ ትን አለው። ሌላ የሳቀ የለም። ቺናትሱ በማግስቱ ሄደች፤ ሁለት ዓመት ሙሉ ዝር አላለችም።

ሳኪዮ በእነዚያ ዓመታት እንቅልፍ የነሣት የልጇ አለማግባት አልነበረም። «ሰው ምን ይላል» ያለችው በራሷ አፍ መሆኑ ነው። ማንም አላስተማራትም፣ ማንም አላስገደዳትም፤ ከየት እንደወጣ ሳታውቀው ወጣ። ልጆቹን አድርሳ በባዶ አውቶቡስ ስትመለስ፣ የጣለችው የመሰላት ነገር ሁሉ ከኋላዋ ተሳፍሮ አብሯት የሚሄድ ይመስላት ነበር።

በመጨረሻ ሳትነግራት ኦሳካ ሄደች። ቺናትሱ በሩን ስትከፍት ሳኪዮ የመንደሪን ካርቶን ታቅፋ ቆማለች።

«ይቅርታ ልጠይቅ አይደለም የመጣሁት» አለች።

«ታዲያ ለምን መጣሽ?»

«ያ ልጅ አግብቶ ወለደ። ፎቶውን ግን እስካሁን አልመለስኩለትም።»

ቺናትሱ እየሳቀች ማልቀስ ጀመረች። ነገሩ ሌላ ነበር፤ ኩባንያው ሰው እየቀነሰ ነው፣ እሷንም በፈቃድሽ ልቀቂ ብለዋታል። «ቤተሰብ ነን ይሉን ነበር፣ እማ። እስከ ጡረታ አብረን ነን ይሉን ነበር።» ሳኪዮ ምክር አልሰጠቻትም። መንደሪን ላጠችላት። ቺናትሱ ከዚያ በኋላ ቋሚ ሥራ አላገኘችም፤ ለትንንሽ ሱቆች ሒሳብ እየሠራች፣ ለማንም እጅ ሳትነሣ ኖረች።

ኡታ አረፉ፤ ከብዙ ዓመት በኋላም ያሱዞ። ወጣቱ ከመንደሩ ወጥቶ አለቀና ትምህርት ቤቱ ተዘጋ። ሳኪዮ በትንሿ የጭነት መኪናዋ የቀሩትን ሽማግሌዎች ሐኪም ቤት ታመላልሳለች። ቺናትሱ በስልክ «እማ፣ ሰማንያ አለፈሽ፣ ፈቃዱን መልሺ» ስትላት፣ «ኔትወርኩ አይሰማም» ብላ ትዘጋዋለች።

አንድ ቀን ከግቢዋ ስትወጣ፣ ጎረቤቷ ኪሚኤ ባለጎማ መደገፊያዋን እየገፋች ታልፍ ነበር። ሳኪዮ አላየቻትም። ፍሬን የያዘችው መከላከያው መደገፊያውን ከነካው በኋላ ነው። ኪሚኤ መደገፊያዋን ይዛ ወደ መኪናው መስኮት ተጠጋች።

«ሳኪዮ፣ ብትገጪኝ ኖሮ ሐኪም ቤት ማን ያደርሰኝ ነበር?»

በማግስቱ በእግሯ ፖሊስ ጣቢያ ሄዳ መንጃ ፈቃዷን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች። እዚያ የነበረው ወጣት ፖሊስ ብድግ ብሎ እጅ ነሣ። «ለረጅም ዘመን ደክመዋል፣ እናቴ» አላት።

«እኔ መቼ ደከመኝ?» አለችው።

ከዚያ በኋላ ቤቱ ጠበባት። አውቶቡስ የሚመጣው ጠዋትና ማታ ብቻ ነው፤ ሱቁ ተዘግቷል። ክረምቱን እንዲህ ካሳለፈች በኋላ ያልታሰበ ነገር ተናገረች፦ ማትሱያማ ከተማ፣ ባቡር በመንገዱ መሀል በሚሄድበት፣ ቤት እከራያለሁ። የቤተሰቡንም መቃብር ዘግቼ አጽሙን እዚያ ካለ ቤተ መቅደስ የጋራ ማረፊያ አስገባዋለሁ።

መንደሩ አጉረመረመ። «የበኩር ልጅ ቤት መቃብር?» አሉ። ይበልጥ የደነገጠችው ግን ቺናትሱ ናት።

«እማ! አያቴን ከቦታዋ ታስነሺያታለሽ? አባዬንስ?»

«አንቺ መጥተሽ ሣሩን ትነቅያለሽ?»

«ሩቅ ነው እኮ፣ እማ።»

«ልወቅስሽ አይደለም» አለች ሳኪዮ። «እኔ ስሞት ግን እዚህ የሚመጣው የዱር አሳማ ብቻ ነው።»

መነኩሴው ጸሎት አደረሱ፤ ድንጋዩ ተነሣ። ሳኪዮ መቃብሩ የነበረበትን ባዶ አፈር በእግሯ ደለደለችው። ልክ ሠራሁ ወይስ አጠፋሁ የሚለውን የምትጠይቀው ሰው አልነበረም።

ማትሱያማ የመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ከበዷት። የጎረቤቶቿን ስም አታውቅም፣ ባሕሩ አይታይም፣ የወደቡን ሽታ ጠዋት ጠዋት ባፍንጫዋ ትፈልገዋለች። ወጥታ ባቡሩ ላይ ትሳፈርና እስከ መጨረሻው ጣቢያ ሄዳ ትመለሳለች። በየቤተ መቅደሱ፣ በየገበያው፣ በየሐኪም ቤቱ ወረፋ ሰው ታናግራለች። ቺናትሱ ስትደውል ስልኩ አይነሣም።

በቀጣዩ ጸደይ ቺናትሱ ራሷ መጣች። በሩ ተቆልፏል። ደረጃው ላይ ተቀምጣ ስትጠብቅ ከሰዓት በኋላ እናቷ ከረጢት አንጠልጥላ፣ ትንፋሿ ቁርጥ ቁርጥ እያለ ደረሰች።

«የት ሄደሽ ነው?»

«ሌላ ቤት ሳይ ዋልኩ። ሚትሱሃማ የሚባለው ወደብ አጠገብ። ከመስኮቱ ባሕር ይታያል፤ ግን ደረጃው ይበዛል።»

«እማ! እዚህ ከገባሽ ዓመት እንኳ አልሞላሽም እኮ!»

«እሱስ ልክ ነሽ» አለች ሳኪዮ፣ ቁልፉን እየፈለገች። «ወንበር የለኝም፣ መሬት ተቀመጪ። ሻይ ጠጥተሽ ነገ አብረን እናየዋለን። ውሳኔው ግን የኔ ነው።»