የአያ ካሴ ባዝራ

ባለፈው ሳምንት ስልኬ እንኳን ደስ ያለህ አለኝ። በሰፈራችን የፌስቡክ ቡድን ውስጥ ስሜ አጠገብ ትንሽ ኮከብ ተለጥፎልኛል፤ የውሸት ማስታወቂያ በመጠቆም ከሁሉም በልጠሃል ማለቱ ነው። ልጄ አጨበጨበችልኝ። እኔ ግን የአያ ካሴ ባዝራ ትዝ አለችኝና ፊቴ ጋለ።

ያኔ ሃያ ሦስት ዓመቴ ነበር፤ እንጅባራ ፎቶ ኮፒ ቤት ተቀጥሬ እሠራለሁ። ፈረስ የምንወድ ልጆች ቡድን ከፍተን የሚሸጥ፣ የጠፋና የተገኘ ፈረስ እንለጥፍበት ነበር። ደላሎች በውሸት ፎቶ ሲያስቸግሩን አስተዳዳሪያችን መላ አመጣ፤ በሳምንቱ ብዙ ውሸት የጠቆመ ሰው ፎቶው ከቡድኑ አናት ላይ ይሰቀላል፣ ያስወረዳቸው ማስታወቂያዎችም ከሥሩ ይዘረዘራሉ። እኔ ደግሞ ፈረስ ላይ ሆኜ የተነሳሁት ፎቶ ነበረኝ። ዳንግላ ያለች አንዲት ልጅ ቡድኑን እንደምትከታተልም አውቅ ነበር።

ግንቦት ላይ፣ ዝናቡ ሲጀምር፣ አንድ ማስታወቂያ ወጣ። የጠፋችው ዳማ ባዝራ፣ ቀይ ሴት ፈረስ፣ ግንባሯ ላይ ምንም ነጭ የላትም ይላል፤ ፎቶው ላይ ያለችው ግን ከግንባሯ እስከ አፍንጫዋ ነጭ አላት። ከሥሩ ስልክ ቁጥር ነበር። አልደወልኩም፤ ደውዬ እውነት ሆኖ ቢገኝ አንድ ይጎድልብኛላ። ጠቆምኩ፣ ጓደኞቼንም አስጠቆምኩ፣ ማስታወቂያው ወረደ። በሳምንቱ ፎቶዬ ተሰቀለ።

በሁለተኛው ቀን አንድ ሽማግሌ፣ ካፖርታቸው ጭቃ በጭቃ ሆኖ፣ በራችን ላይ ቆሙ። አያ ካሴ ይባላሉ፤ ከአዲስ ቅዳም በሚኒባስ መምጣታቸው ነው። ባዝራቸው ፎቶ ተነስታ ስለማታውቅ ሴት ልጃቸው የባዝራዋን ታናሽ እህት ፎቶ ለጥፋ ነበር፤ ማስታወቂያው ግን ጠፋ። በእኛ አገር በፈረስ ይታረሳል። ያለ ባዝራዋ ሌላው ፈረስ ብቻውን አይጠመድም፣ የድንቹ መሬት ደግሞ ጊዜው እያለፈበት ነው። የምትመስላት ጫግኒ ታየች መባሉን ሰምተዋል፤ ዓይናቸው ስለደከመ አብሬያቸው እንድሄድ ለመኑኝ። ማን እንዳስወረደው አልጠየቁም፤ እኔም አልተናገርኩም። እንዴት እንዳገኙኝ ለመጠየቅ እንኳ ሳልደፍር አብሬያቸው ሄድኩ።

የጫግኒ ሙቀት ካፖርታቸውን አስወለቃቸው። እህል ከሚጫንበት ዳር ከቆሙት ፈረሶች መሃል፣ ግራ ጆሮዋ የተተለተለ፣ ግንባሯ ንጹሕ ዳማ አየሁ። ድምፃቸውን ስትሰማ አንገቷን ዘረጋች። የጠፋች መሆኗን ሳያውቅ የገዛት ነጋዴ፣ የአገር ሽማግሌዎች ተቀምጠው ካዩት በኋላ፣ ብዙ አጉረምርሞ መለሰላቸው።

ዳገቱን እየሳብናት በእግር ተመለስን። በማግሥቱ ከመንገድ ዳር ተቀምጠን ቅቅል ድንች ስንበላ ከዚያ በላይ መቻል አቃተኝ።

«አያ ካሴ፣ ማስታወቂያዎን ያስወረድኩት እኔ ነኝ።»

ድንቹን መላጥ አላቆሙም። «አውቃለሁ። ልጄ ከፎቶህ ሥር አንብባልኛለች።»

«ታዲያ ለምን እኔን ፈለጉ?»

«ያ ሁሉ ሰው ሲያየው ፎቶውና ጽሑፉ አለመግጠሙን የለየኸው አንተ ነህ። የሚያይ ሰው ነበር የቸገረኝ።» የላጡትን ድንች ሰጡኝ። «ሌላ ጊዜ ግን ደውል፣ ልጄ።»

እንባዬ መጣ። እሳቸው አላየሁም ብለው ወደ ባዝራዋ ዞሩ።

እንጅባራ እንደደረስኩ የእኔን ፎቶ አስወርጄ የባዝራዋን አሰቀልኩ። የዳንግላዋ ልጅ መጀመሪያ የጻፈችልኝ ያኔ ነው፤ ስለ እኔ ሳይሆን የባዝራዋን ጆሮ ምን እንዳገኘው ልትጠይቅ። ዛሬ ባለቤቴ ናት።

ትናንት ደግሞ እውነት የማይመስል የጠፋ ቦርሳ ማስታወቂያ አየሁ። ልጄ ትከሻዬ ላይ ተደግፋ፣ «አባዬ፣ ውሸት ነው፣ ጠቁመውና ሌላ ኮከብ ይስጡህ» አለችኝ። ከማስታወቂያው ሥር ወዳለው ቁጥር ደውዬ ስልኩን ጆሮዬ ላይ አድርጌ ነበር፤ እየጠራ ነው።