የበረኛው ዋስ

ባለፈው ማክሰኞ ጠዋት ወደ ሳኒቬል በምሄድበት ባቡር ከፊቴ ሁለት ወጣቶች ተቀምጠው ነበር። አንደኛው የሆኪ ቡድን ኮፍያ አድርጓል፤ ሌላው ስልኩን በአውራ ጣቱ እየገፋ ስም ይጠራል። የኮሌጅ የበረዶ ላይ ሆኪ ወሬ ነው። ማን ለቀቀ፣ ማን መጣ፣ የትኛው ተከላካይ ወዴት ሊሄድ ነው፣ የስፖርት ክፍሉ ገንዘብ ለመጪው ዓመት ይበቃል ወይስ አንዱን ቡድን ሊዘጉት ነው። አንዱ የውድድር ዘመን አልቆ ሌላው እስኪጀምር ያሉት ወራት ደጋፊን ከጨዋታው የበለጠ ያደክማሉ። ጨዋታ ሲኖር ቢያንስ ጮሆ ይወጣለታል።

እስከዚህ ድረስ ደህና ነበርኩ። ኮፍያ ያደረገው፣ «በረኛው አይሄድም፤ ቃል ገብቷል» ሲል ጓደኛው፣ «ኮሌጁስ ለእሱ ቃል ገብቶለታል?» ብሎ ሳቀ። መጽሐፌን እንደከፈትኩ አንድ ገጽ ሳልገልጥ ሳኒቬል ደረስኩ።

የዛሬ ሃያ ዓመት ገደማ ነው፤ ሃያ ሁለት ዓመቴ ነበር። ዲቪ ደርሶኝ ከመጣሁ ሦስት ዓመት ሆኖኛል። የምኖረው ኦክላንድ፣ አፕታውን ውስጥ፣ ከሁለት ልጆች ጋር በተጋራሁት አፓርትመንት ነው፤ የምማረው ደግሞ ሳን ሆዜ። ከክፍል በኋላ የኮሌጃችን ቡድን በሚጫወትበት የበረዶ ሜዳ የመንሸራተቻ ጫማ እያከራየሁ እሠራ ነበር። ቦታው እርጥብ ካልሲና ፈንዲሻ ይሸታል። ውጪ ሰው በካናቴራ ላቡን እየጠረገ እኔ ውስጥ ጃኬት ደርቤ እንቀጠቀጣለሁ። ጨዋታውን መጀመሪያ ሳየው ገና መሰለኝ። ያው በዱላ መምታት፣ መገፋፋት፣ መውደቅ ነው። በእኛ ዘንድ በገና ጨዋታ አይቆጡም ጌታ ይባላል፤ እነዚህ ግን ይቆጣሉ፣ ጓንታቸውን ጥለው በቡጢ ይቃመሳሉ። ወደድኩት።

ሜዳውን ከከበበው መስታወት ሥር ሁልጊዜ የሚቀመጡ ሰባት ደጋፊዎች ነበሩ። አለቃቸው ጄሪ የሚባል ጡረታ የወጣ ፖስተኛ ነው። አንድ ቀን በእረፍት ሰዓቴ ቆሜ ሲያየኝ እጄን ይዞ ከጎኑ አስቀመጠኝ፤ በዚያው ስምንተኛ ሆንኩ። ስሜ ሰለሞን ነው፤ እነሱ ሶል ይሉኛል። የቤቴ ልጆች እኔ ስገባ ይወጣሉ፣ እኔ ስወጣ ይገባሉ፤ አንዳንዴ ሳምንት ሙሉ የምንገናኘው ማቀዝቀዣው ላይ በለጠፍነው ወረቀት ነው። ስቀር «ምን ሆነህ ነው?» የሚለኝ ሰው የነበረኝ ከበረዶው ዳር ብቻ ነው። ይህን የምናገረው ያደረግሁትን ለማስተባበል አይደለም። ግን ሳይነገር ቢቀር ያን ጊዜ የነበርኩትን ሰው አታውቁትም።

በሚያዝያ፣ የውድድር ዘመኑ ካለቀ በኋላ፣ ከሜዳው ማዶ ባለ የሜክሲኮ ምግብ ቤት ተሰበሰብን። ጄሪ ከሰሃኑ ሥር የተነጠፈውን ወረቀት ገልብጦ የሚመጣውን ዓመት ቡድን ጻፈ። አምስት ተመራቂዎች ስማቸው ተሰረዘ። ሁለት አዳዲስ ልጆች ከካናዳ ሊመጡ ነው ተባለ። በበረኛው ስም ዙሪያ ጄሪ ክብ አደረገ፤ ደግሞ ደጋግሞ፣ ወረቀቱ እስኪቀደድ። በረኛው ናትናኤል ይባላል፣ ደጋፊው ኔት ይለዋል፤ ሃያ ዓመቱ ነው፣ ወላጆቹ ፕሌዘንተን የሚኖሩ ያገሬ ሰዎች ናቸው። በምሥራቅ በኩል ያለ አንድ ትልቅ ኮሌጅ ሙሉ ስኮላርሺፕ ሰጥቶ ጠርቶታል።

በኮሌጁ መዝገብ ቤት የምትሠራው ሊንዳ ድምጿን ዝቅ አድርጋ፣ «የስፖርት ክፍሉ ገንዘብ አጥሮታል። የበረዶ ሜዳ ኪራይ ይከብደናል፣ ሆኪን እንዝጋ የሚሉ አሉ። ገና አልተወሰነም» አለችን።

«ኔት ከሄደ እንሸነፋለን» አለ ጄሪ። «ከተሸነፍን ለጋሾቹ ይሸሻሉ። እነሱ ከሸሹ ደግሞ ተዘጋ ማለት ነው።» ከዚያ ቀና ብሎ አየኝ። «ሶል፣ አንተ ቋንቋቸውን ታውቃለህ። ቤተሰቡን ብታናግርልን?»

ጄሪ ያሰበው ስልክ እንድደውል ነበር። እኔ ግን ሽማግሌ ላክሁ።

ጋሽ መኮንን ኦክላንድ ውስጥ ታክሲ ይነዱ ነበር። ባልና ሚስት ሲጣሉ፣ ሁለት ሸሪኮች ሊካሰሱ ሲሉ የሚጠሩት እሳቸው ናቸው፤ እሳቸው የገቡበት ነገር ሳይቋጭ አይቀርም ይባላል። ሄጄ፣ ልጁ ወደ ሌላ ኮሌጅ ትራንስፈር ሊያደርግ መሆኑን፣ ከቤተሰቡ ርቆ ብርድ አገር ሊገባ መሆኑን፣ እናትና አባቱም ማዘናቸውን ነገርኳቸው። የማዘናቸውን ነገር ከራሴ ነው የጨመርኩት። ስኮላርሺፑን አላነሳሁም። ሊንዳ ያለችውንም ዋጥኩት። ጋሽ መኮንን ጥቂት አሰቡና፣ «ልጅ ከቤቱ ሳይርቅ ቢማር ምን ክፋት አለው» ብለው ሁለት ጓደኞቻቸውን ጠሩ።

በሰኔ፣ እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ፣ በጋሽ መኮንን ታክሲ ሄድን። ኦክላንድ ጉም ነበር፤ ተራራውን ስንሻገር ግን ሙቀቱ እንደ ምድጃ አፍ ተቀበለን። ሣሩ ደርቆ ኮረብታው ሁሉ ገብስማ ሆኗል። እኔ ያለችኝን አንዲት ሱፍ ለብሻለሁ፤ አንገቴ በላብ ርሷል።

በሩን የከፈቱት አባትየው አቶ ግርማ ናቸው፤ በሱዳን በኩል ተሰደው የመጡ፣ እዚያው ፕሌዘንተን በአንድ ቢሮ ሕንፃ ጥገና ክፍል የሚሠሩ ዝምተኛ ሰው። ሦስቱ ሽማግሌዎች ሳሎኑ መሃል በአንድ ረድፍ ቆሙ።

«ኧረ በእግዜር፣ ቁጭ በሉ» አሉ ሚስታቸው ወይዘሮ ጽጌ።

«ጉዳያችን ሳይሰማ አንቀመጥም» አሉ ጋሽ መኮንን።

ወይዘሮ ጽጌ ደነገጡ። ሽማግሌዎቹን አዩ፣ ሱፍ ለብሼ በሩ ሥር የቆምኩትን እኔን አዩ፣ ከዚያ ዘወር ብለው ሶፋው ላይ የተቀመጠችውን ሴት ልጃቸውን አዩ። ልጅቱ ብድግ ብላ፣ «ማሚ፣ አይ ዶንት ኢቨን ኖው ሂም!» ስትል ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። ጋሽ መኮንንም እየሳቁ፣ «አይዞሽ የኔ ልጅ፣ የመጣነው ስለ ወንድምሽ ትምህርት ነው» አሏት። እኔ መሳቅ አቃተኝ።

ናትናኤል ተጠርቶ ከፎቅ ወረደ። ቁመቱ የበሩን ጉበን ሊነካ ምንም አልቀረው። አማርኛ ይሰማል፤ የሚመልሰው ግን በእንግሊዝኛ ነው። ጋሽ መኮንን ስለ ቤተሰብ፣ ስለ ብርድ፣ ስለ ብቸኝነት በለዘበ አንደበት ሲናገሩ አንገቱን ደፍቶ አዳመጠና፣ ሙሉ ስኮላርሺፕ እንደሰጡት፣ አሠልጣኙም ጥሩ ሰው እንደሆነ መለሰ። ጋሽ መኮንን ዞር ብለው አዩኝ። ይህን አልነገርኳቸውም ነበር። ግን አንዴ ቆመዋል፤ የቆመ ሽማግሌ ተመልሶ አይወጣም።

ያን ጊዜ አቶ ግርማ ተናገሩ። «እኔ ስለ ሆኪ የማውቀው የለም። ግን እዚህ አገር ባጀት ሲያጥራቸው ቡድን ይዘጋሉ ሲባል ሰምቻለሁ። ልጄ ያንን ትቶ እዚህ ቢቀር፣ ይሄ ቡድን ይቆያል ወይ?»

«ደግ ጥያቄ ነው» አሉ ጋሽ መኮንን። «ለዚህ ዋስ ያስፈልጋል። ሰለሞን፣ አንተ እዚያው ነህ። ታውቃለህ?»

ሁሉም ወደ እኔ ዞሩ። ያቺን ቅጽበት በሐሳቤ ስንት ጊዜ እንደመለስኳት እኔ ነኝ የማውቀው። «ወሬ አለ፤ እርግጠኛ አይደለሁም» ማለት ይበቃ ነበር። አምስት ቃል አይሞላም።

«ይቆያል» አልኩ አፌን ሞልቼ። «ዋሱ እኔ ነኝ።»

ናትናኤል ዐይን ዐይኔን እያየ፣ «ፎር ሪል?» አለ።

«ፎር ሪል።»

ሽማግሌዎቹን አንድ በአንድ አያቸው። ሦስቱም ኮፍያቸውን በእጃቸው ይዘው እንደቆሙ ናቸው። ትንፋሹን አወጣና፣ «ኦኬ። አይ ዊል ስቴይ» አለ። ያኔ ሽማግሌዎቹ ተቀመጡ። ተመረቀ፣ አሜን ተባለ። የሐዋርያት ጾም ስለነበር ወይዘሮ ጽጌ ሽሮ አቀረቡልን፤ ከጓሯቸው ዛፍ የተለቀመ አፕሪኮትም በሳህን ሞልተው አመጡ። ፀሐይ የላሰው፣ ለስላሳ፣ ማር የሆነ ፍሬ ነው።

ጄሪ ሲሰማ በስልክ ጮኸ። ለሌሎቹ ሁሉ ደውሎ እኔን ሲያሞግስ ዋለ። ደስ አለኝ ብል እውነት ነው፤ ግን ደስታው እስከ ማግስቱም አልቆየም። ክረምቱን ሙሉ የኮሌጁን ውሳኔ ስጠብቅ ከረምኩ። ሥራ ላይ ሆኜ ኢሜይል እከፍታለሁ፣ እዘጋለሁ፣ እንደገና እከፍታለሁ። ሊንዳን ሳገኛት ከሰላምታ በፊት ፊቷን አጠናለሁ። የበረዶ መጥረጊያው መኪና አንድ ቀን ሳይነሳ ሲቀር፣ በቃ ማስጠገን ትተውታል፣ ሊዘጉት ነው ብዬ ደመደምኩ። ባትሪው ነበር የሞተው።

በነሐሴ መጀመሪያ፣ ከሰዓት በኋላ፣ ሊንዳ ደወለች። «ሶል፣ ኢሜይሉ አሁን ወጣ። ዘግተውታል።»

ዛሬ ተጫዋች ስልኩን ነካ ነካ አድርጎ ኮሌጅ ይቀይራል ይባላል። ያኔ እንዲህ አልነበረም፤ ነሐሴ ደግሞ ለማንም አይመችም፤ ቡድኖች ሞልተዋል። በምሥራቅ ያለው ኮሌጅ በሐምሌ ሌላ በረኛ ወስዷል። የናትናኤል አሠልጣኝ ያልደወለበት ቦታ አልነበረም፤ ሁሉም መልካም ዕድል ብለው ስልካቸውን ዘጉ።

እኔ ተደበቅሁ። ፍልሰታ ገብቶ ሕፃን እንኳ ቤተ ክርስቲያን ሲሄድ እኔ ጋሽ መኮንንን ላለማግኘት ቀረሁ። የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም የሚሉት ነገር ምን ማለት እንደሆነ ያኔ ገባኝ። በዘጠነኛው ቀን ከአፓርትመንቴ ስወጣ ታክሲያቸው በሩ ላይ ቆሟል።

«ዋስ አይደለህ? ግባ» አሉኝ።

ተራራውን ወጣን። ከዚያ መንገዱን እያዩ፣ «ታውቅ ነበር?» አሉ።

«ወሬ ነበር፣ ጋሽዬ።»

«ለምን አልነገርከኝም?»

«ከነገርኩዎት አይሄዱልኝም ብዬ ነው።»

ራሳቸውን ነቀነቁ።

በዚያው ሳሎን ቆምን። ቁጭ በሉ ያለን የለም። ጋሽ መኮንን፣ «አቶ ግርማ፣ አጥፍተናል» አሉ። «አጥፍቷል» አላሉም። እኔ የማውቀውን ሁሉ፣ ሊንዳ ያለችውንም፣ ከራሴ የጨመርኩትንም አንድ ሳላስቀር ተናገርኩ። ወይዘሮ ጽጌ ወደ ማድ ቤት ገብተው ውኃ ከፈቱ፤ በውኃው ድምፅ ውስጥ ሲያለቅሱ ይሰማኛል። አቶ ግርማ፣ «እኔ የጠየቅሁህ ስለማላውቅ ነበር» አሉ።

ናትናኤል ደረጃው ላይ ተቀምጦ ነበር። ይሰድበኛል ብዬ ጠበቅሁ፤ ምነው በሰደበኝ። ከዚያ በፊት ሰምቼው በማላውቀው አማርኛ፣ ቃሉን እየፈለገ፣ ቀስ ብሎ፣ «እኔ አንተን አላመንኩም» አለኝ። በአገጩ ወደ ጋሽ መኮንን ጠቆመ። «እሳቸውን ነው ያመንኩት።»

ጋሽ መኮንን ኮፍያቸውን አደረጉና ወጡ።

ከዚያ በኋላ ሽምግልና ሄደው አያውቁም። ሲጠሯቸው፣ «ሌላ ሰው ፈልጉ፣ ጆሮዬ ደክሟል» ይላሉ። ጆሯቸው ደህና ነበር። እኔን አልረገሙኝም፤ ሲያገኙኝ ሰላም ይሉኝ ነበር፣ እስከሞቱ ድረስ። የደጋፊዎቹም ማኅበር በመስከረም ተበተነ። ላጣቸው ፈርቼ ያን ሁሉ አደረግሁ፤ ሳጣቸው ሁለት ወር እንኳ አልፈጀም።

ናትናኤል እዚያው ኮሌጅ ያለ ሆኪ ተመረቀ። ዛሬ ትዳር ይዟል፣ ሁለት ልጆች አሉት፣ በአንድ ሆስፒታል ይሠራል። በየፋሲካው ኦክላንድ ቤተ ክርስቲያን እንገናኛለን። ይስመኛል፣ ስለ ልጆቼ ይጠይቀኛል። ይቅር ብሎኝ ይሁን ረስቶት ይሁን አላውቅም፤ ሁለቱም ያስፈሩኛል።

ባቡሩ ውስጥ ያሉት ልጆች በረኛቸው ይቆይ ዘንድ ምን መደረግ እንዳለበት ሲማከሩ ሰማኋቸው። ክፋት የላቸውም፤ እኛም አልነበረንም። ቢሮዬ ገብቼ ኮምፒውተሬን ከከፈትኩ በኋላ ነው አንድ ነገር የታየኝ። ያን ክረምት ስለ ቡድኑ ተጠየቀ፣ ስለ ገንዘቡ ተጠየቀ፣ ዋስ ተጠየቀ። ናትናኤልን፣ «አንተስ ምን ትፈልጋለህ?» ያለው ሰው ግን አልነበረም። ሃያ ፋሲካ አብረን ገድፈናል፤ እኔም እስካሁን አልጠየቅሁትም።