እንዳያሳፍሩኝ

ልብስ ሰፊውን ዕድሜ ልካቸውን አንድ ቃል ሲከተላቸው ኖሯል። ደንበኛ ጨርቁን አስረክቦ፣ ተለክቶ፣ በሩ ጋ ሲደርስ ዞር ይልና «ለቅዳሜ ነው፤ አደራ፣ እንዳያሳፍሩኝ» ይላል። ሙሽራውም፣ ሹመት የሚቀበለውም፣ ልጁን የሚያስመርቀውም ይህንኑ ነው የሚለው። እሳቸውም ማንንም አሳፍረው አያውቁም። ዓይናቸው ደም እስኪመስል አምሽተው ያደርሳሉ። ከማስረከባቸው በፊት ደግሞ የተረፈች ክር ካዩ በጥርሳቸው ቀነጠስ ያደርጓታል። መቀስ አጠገባቸው እያለ ነው እንግዲህ፤ ልማድ ሆኖባቸው።

ባለፈው ልጃቸው አዲስ ቤት ገብታ የመሥሪያ ቤቷን ሰዎች ጋበዘች። አባትም ኮታቸውን ተኩሰው፣ ለብሰው ሄዱ። አለቃዋ አጠገባቸው ተቀምጦ ሲያወራ ከእጅጌው ክር ተንጠልጥሎ አዩ። ሳያስቡት ክንዱን ሳብ አድርገው በጥርሳቸው በጠሱለት። ቤቱ በሳቅ ሞላ። ልጃቸው ወደ ጓዳ ጠራቻቸውና ድምጿን ዝቅ አድርጋ፣ «አባዬ፣ ምነው በሰው ፊት ባያሳፍሩኝ» አለቻቸው።

«እሺ ልጄ» ብለው ባርኔጣቸውን አንስተው ወጡ።

ከዚያ ወዲህ በደወለች ቁጥር ሥራ በዝቶብኛል ይሏታል። ጎረቤታቸው ጫማ ጠጋኙ ይህን ሲሰማ ይስቃል።

«ጌታው፣ የቱ ሥራ ነው የበዛው? ለዝንቡ ሱሪ እየሰፉለት ነው?»

«አንተ ሶልህን ለጥፍ» ይሉታል።

እውነቱን ነው፤ የዛሬ ሰው የተሰፋ ይገዛል፣ መደርደሪያው ባዶ ነው። ጫማ ጠጋኙ ዕቃውን ሰብስቦ ሲሄድ ያ ቃል ተመልሶ ይመጣባቸዋል። የባዳ ቀጠሮ ሳላፋልስ ኖሬ፣ የማሳፍረው ሰው ጠፍቶ የገዛ ልጄን? ይላሉ ለራሳቸው።

አንድ ቅዳሜ ልጃቸው ሳትደውል መጣች። ደንበኛ የሚቀመጥበት ወንበር ላይ ቁጭ ብላ መደርደሪያውን ቃኘች።  እሳቸው ፊታቸው እስከ ጆሯቸው ጋለ።

«አባዬ፣ ነገ ምሳ እኛ ጋ ነው።»

«እንግዳ አለ?»

«ኧረ የለም፤ እኛው ብቻ ነን። ማንም አይመጣም» አለች፣ ደስ እንዲላቸው ብላ።

ሽማግሌው ከስፌት መኪናው ሥር ካለው ካርቶን ሁለት ቁራጭ ጨርቅ አወጡና መርፌው ሥር አስገቡ።

«ይቺን ልጨርስና እነግርሻለሁ።»

መርገጫውን ረገጡት። እሷም ቦርሳዋን ጭኗ ላይ አድርጋ ጠበቀች። ስፌቱ ጫፍ ሊደርስ ሲል ሌላ ቁራጭ ቀጠሉበት፤ ከዚያም ሌላ። ጨርቁ ከመኪናው ጀርባ እየረዘመ ወርዶ ወለሉን ነካ። በመጨረሻ ልጃቸው ተነሥታ፣ በሩን ቀስ ብላ ገርበብ አድርጋ ወጣች። እሳቸው ቀና አላሉም።