ሲነቀል የሚጠፋው ላፕቶፕ

ዛሬ ጠዋት የእህቴ ልጅ ምሕረት ላፕቶፑን ቦርሳዋ ውስጥ ልትከት ቻርጀሩን ስትነቅለው ድርግም ብሎ ጠፋ።

ከአዲስ አበባ በቴሌግራም ያዘዝኩላት ነው። ትናንት ጂንካ ሲደርስ ሰክተን ስንሞክረው ስለሠራ፣ ባትሪውን ማየት ትዝም አላለን።

ምሕረት ከጂንካ ርቃ በምትገኝ ኮልቾ በምትባል የገጠር መንደር አስተማሪ ናት። ትምህርት ቤቷ መብራት የለም። ገበያ በወጣች ቁጥር ከተማ ቻርጅ እያደረገች የክረምት ትምህርቷን የመመረቂያ ጽሑፍ ልትሠራበት ነበር።

ሻጩ ጋ ደወልኩ።

«አባቴ፣ ሲሰኩት ይሠራል?»

«ይሠራል።»

«እንግዲያው ጤነኛ ነው፤ አንመልስም።»

በዚህ ሒሳብ እኔም ጤነኛ ነኝ። ካልተነሳሁ ጉልበቴ አያመኝም።

የሚቆጨኝ ሌላ ነው። ምሕረት መጀመሪያ «አርባ ምንጭ ሄጄ አይቼ ልግዛ» ብላኝ ነበር። እኔ ግን «ፍየል ነው እንዴ የምትገዢው፣ ጥርሱን ልታዪ?» ብዬ ሳቅሁባት።

ዛሬ ባዶ ቦርሳዋን ይዛ ተሳፈረች። መኪናው ሊነሳ ሲል በመስኮት ብቅ ብላ፣ «ጋሼ፣ ጥርሱን ብናይ ይሻል ነበር» አለችኝ።



እናንተም ሳታዩ ገዝታችሁ የተቃጠላችሁ ካላችሁ ከታች ጻፉልኝ፤ ብቻዬን ከምቆጭ።